ሳልጉመጠመጥበት ያስረዳሁት ውሃ

ኮምቦልቻ ላይ የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀናችን ነበር። የጁምዓ ሰላት ደርሷል፣ የመስጂዳችን በርሜሎች ግን ባዶ ናቸው። አጠገባችን ያለው ፋብሪካ የተጠቀመበትን ውሃ መልሶ ያጣራልና አንድ ቦቴ ላከልን። ባለሙያው "ለመታጠብ ይሆናል፣ እንዳትጠጡት" ብሎን ሄደ። ሰዉ ለውዱእ ሊታጠብ ኩስኩስቱን ይዞ ቆመ እንጂ የሚቀርብ ጠፋ። "ፍሳሽ አልነበር እንዴ?" ይባባላል።

እኔ ደግሞ ማስረዳት ስወድ! ድንጋይ ላይ ወጣሁና ያነበብኩትን ዘረገፍኩት። "ጀመዓ! ነጃሳ የነካው ውሃ ተጣርቶ ከቀለሙም፣ ከሽታውም፣ ከጣዕሙም ነጃሳው ከጠፋ ጦሃራ ነው፣ ንጹሕ ነው ብለዋል ዑለማዎች። ይኸው፣ ሦስቱም ተሟልተዋል!"

አዛን የሚሉልን ሽማግሌ፣ ሸህ ይማም፣ ከጥግ ሆነው "ልጄ፣ ቀለሙን አየን፣ ሽታውንም አሸተትን። ጣዕሙን በማን አፍ ቀመስከው?" አሉኝ።

ሰዉ ሳቀ። ወርጄ በእፍኜ ቀዳሁ፤ እጄ ግን ወደ አፌ አልሄድ አለኝ። ለካ እኔም ከሰዉ እኩል ተጸይፌዋለሁ! እያፈርኩ ቢስሚላህ ብዬ እንደ ውዱእ ሥርዓቱ ተጉመጠመጥኩና ተፋሁት።

"እህስ?" አሉኝ።

"ወላሂ፣ ውሃ ውሃ ነው የሚለው።"

ሸህ ይማም እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ኩስኩስታቸውን አቀበሉኝ። "በል ቅዳልኝ። አሁን ገና አስረዳኸን።"