ምንም የማይጥል አውሮፕላን

የደባርቁ አውቶቡስ ኮሶዬን አልፏል። ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት መምህር ከሸምበቆና ከወረቀት የተሠራ ትንሽ አውሮፕላን ታቅፏል። አጠገቡ የተቀመጡ አንዲት እናት ሲያዩት ሲያዩት ቆይተው ጠየቁት።

«ልጄ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«አውሮፕላን ነው፣ እናቴ። እኔው ነኝ የሠራሁት።»

«ይበራል?»

«ይበራል። ከሆዱ የጎማ ላስቲክ አለ፤ ጠምዝዤ ስለቀው ይነሣል።»

«ምን ይጥላል?»

«ምንም አይጥልም።»

«ታዲያ ለምን ሠራኸው?»

«ሲበር ለማየት ነው። እሑድ እሑድ ከጓደኛዬ ጋር ደባርቅ ሜዳው ላይ እናበረዋለን።»

እናትየው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አምና አውሮፕላን ገበያውን ሲደበድብ የባለቤቴ ወንድም ከጎኑ ወድቆ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ በቀን ከቤት አይወጣም። እርሻችንን እንኳ የሚያርስልን ጎረቤት ነው።»

«ቤታችሁ የት ነው?»

«ከዳባት ወርደን ትንሽ በእግር ነው።»

«ይኸ ድምፁ ከንብ አይበልጥም። ቢፈቅዱልኝ ለባለቤትዎ ላሳያቸው?»

«ቢደነግጥብኝስ?»

«መጀመሪያ በእጃቸው ይያዙት። ካልወደዱት አላበረውም።»

«ጓደኛህ አይጠብቅህም?»

«ይጠብቀኛል። ነገ እደርሳለሁ።»

እናትየው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ዳባት ስንደርስ ግን፣ «በል እንውረድ፤ እሱን ለእኔ ስጠኝ፣ በሰው መሀል እንዳይሰበር» አሉት።

አውሮፕላኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ከፊት ከፊቱ ሲሄዱ፣ መንገዱ ተጠምዝዞ እስኪሰውራቸው ድረስ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ አየኋቸው።