ሁለት ወንበር፣ ሦስት ሽማግሌ

«ገበያነሽ፣ ዛሬስ ሽንኩርትሽ አምሮበታል» አሉ እትዬ ፅጌረዳ፣ በራቸው ላይ የቆመችውን ቀይ የስፖርት መኪና ጣራ እንደ ባንኮኒ ተደግፈው። «ከየት ነው የመጣው? ከመቂ ነው? ደረቅ ነው፣ ጎሽ። እርጥቡ ምን ያደርጋል፣ ከላይ ሲያዩት ያብለጨልጭና ሲልጡት ውኃ ነው… አየሩስ ደስ አይልም? ለቡ እንዲህ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም።»

ገበያነሽ ከግቢው በር አጠገብ ጉሊት ዘርግታ የምትሸጥ ጎረቤታቸው ናት። ቀና ብላ አየቻቸውና ሽንኩርቷን መደርደር ቀጠለች።

መኪናዋ ውስጥ ሚሳኤል ወንበሩን እስከ መጨረሻው አስተኝቶ፣ ኮቱን እስከ አገጩ ስቦ ተጋድሟል። ዛሬ ለጸደንያ ሽማግሌ የላከበት ቀን ነው። ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ሆኖ መልስ ይጠብቃል እንጂ ልጅቷ በር ላይ አይገኝም፤ ይህን ሚሳኤልም አያጣውም። ነገር ግን አዲሷ መኪና ያሏት ሁለት ወንበሮች ብቻ ናቸው፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ሦስት። በታክሲ ይሂዱ ቢባል አልዋጥ አለው። መኪናዋ ዛሬ ካልታየች መቼ ልትታይ ነው? ስለዚህ ከሀይሌ ጋርመንት እስከ ለቡ መብራት ኃይል ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አመላለሳቸው። የመጨረሻው አቶ ከበበው ነበሩ። ጉልበታቸው ጢማቸውን እየነካ ደረሱና፣ ደጅ ሲጠብቁ የነበሩት ሁለቱ ግራና ቀኝ ይዘው ጎትተው አወጧቸው። ሦስቱም ልብሳቸውን አስተካክለው ገቡ።

ሚሳኤል ሊፈተለክ ሲል መኪናዋ በገዛ ራሷ ጊዜ ሶፍትዌሯን አፕዴት ማድረግ ጀመረች። መስኮቱ ግማሽ ድረስ ተከፍቶ ቀረ። መሪው ታሰረ። ስክሪኑም «እባክዎ ይጠብቁ» ከማለት በቀር ምንም አልል አለ። ወርዶ በእግሩ እንዳይሄድ፣ ከፎቁ መስኮት ጸደንያ ታየዋለች። እንዲህ ሲያመነታ ነው ጸደንያን ከሕፃንነቷ ያሳደጓት አክስቷ እትዬ ፅጌረዳ፣ ሽማግሌዎቹን ሳሎን ውስጥ እንደቆሙ ትተው «ሽንኩርት አልቆብኛል» ብለው ብቅ ያሉት። ሚሳኤልም መታየት የማይፈልግ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ተኛ።

«ይህችን መኪና ደግሞ ማን ጥሏት ሄደ ባክሽ? ባዶዋን ናት መሰለኝ… እንዴት ታምራለች። ዝቅ ያለች፣ ትሑት። የማን እንደሆነች እኔ ምን አውቄ። እኔ ላጫውትሽ የፈለግሁት ስለ ሌላ ሰው ነው። የእኛ ሰፈር ልጅ አይደለም፣ ወደ ነፋስ ስልክ ነው። ስሙን ተዪው። ግን እንዲህ ያለ አሳቢ ልጅ አይቼ አላውቅም።»

ሚሳኤል «ስሙን ተዪው» ሲባል ስሙ የተጠራ ያህል ደነገጠ።

«ላፕቶፔ እንቢ ያለኝ ጊዜ ሳልጠራው ከተፍ አለልኝ። አዲስ ብሮውዘር ጫነልኝና ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እትዬ፣ ይኼኛው ሚስጥር ጠባቂ ነው። አንድ ፊደል ሲነኩ የሚፈልጉትን ገጽ ራሱ ይጠቁምዎታል፤ ምን እንደፈለጉ ግን ለማንም ትንፍሽ አይልም። የሠራው ኩባንያ እንኳ አያውቅም።› አየሽልኝ? ባሕር ማዶ ያለ ሰው የእኔን የአዋዜ አሠራር እንዳያይብኝ ተጨንቆ። ዛሬ ማን ለማን እንዲህ ያስባል?»

እትዬ ፅጌረዳ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

«ታዲያ ሲጭንልኝ በራሱ አካውንት ገብቶ ኖሮ፣ ሳይወጣ ሄደ። ሰው ሲተማመን እንዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ እሱ በስልኩ የከፈተው ሁሉ እኔ ዘንድ ጥቆማ ሆኖ ይመጣል። ብሮውዘሩን አልወቅሰውም፣ እውነትም ለማንም አልተናገረ… ለእኔ ብቻ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል ነበር። አሁን ማደርም የለበት፣ አንድ ፊደል መንካት ነው።»

ሚሳኤል ነገሩ ገና አሁን ገባው። ያን ቀን ጸደንያ ሳሎን ገብታ «ምሳ ቀርቧል፣ ና» ስትለው ሁሉን እንደተከፈተ ትቶ ነበር የተነሣው። የዓለምን ኩባንያ ሁሉ ሲጠራጠር፣ ከጀርባው ሶፋ ላይ የሚቀመጡትን ሴትዮ ረስቷቸዋል።

«መዝሙር ልሰማ ብዬ ‹መ› ስል፣ መኪና። ወፍጮ ቤት ልፈልግ ብዬ ‹ወ› ስል፣ ወንበሯ ከቆዳ የተሠራ መኪና። ‹አ› ስል፣ አዲሱ ሞዴል። አልተቆጣሁም፣ እንዲያውም ተማርኩበት። በሦስት ሰኮንድ መቶ ትገባለች አሉ። ከዚህ እስከ ሀይሌ ጋርመንት ሦስት ሰኮንድ ያለ ጉብታ የሚነዳበት ቦታ ካወቅሽ ንገሪኝ… ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉት ለካ ተረት አይደለም። ጉብታ ላይማ ይህችን ዓይነቷን ቀድሟት ያልፋል።»

ሚሳኤል ጥርሱን ነከሰ። ዛሬ ሽማግሌ ጭኖ ሲመጣ የመኪናዋ ሆድ ጉብታው ላይ ሁሉ እየተፋቀ ነበር፣ አቶ ከበበውም በተፋቀች ቁጥር «በስመ አብ» ብለዋል።

«ከሁሉ የገረመኝ ግን ትዕግሥቱ ነው። የሚወዳት ልጅ አለችው፤ የነፋስ ስልኳን ማለቴ ነው። ‹ለፋሲካ ሽማግሌ እልካለሁ› አላት። ፋሲካ መጣ። ‹ቤት ልሠራልሽ ነው፣ መሠረቱን ላውጣና ለመስከረም› አላት። መስከረምም አለፈ፣ ዓመቱም ዞረ። መቼም ቤት ቀልድ አይደለም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። እሱ አይቸኩልም፣ የሚያስቸኩለውን ዕቃ ነው የሚገዛው። ለካ በፋሲካው ‹የተሻሻለው ሞዴል በቅርቡ ይመጣል› የሚል አንብቦ ነው። እንግዲህ ምኗ ይሆን የተሻሻለው ብዬ መነጽሬን አድርጌ አየሁ። የፊት መብራቷ ጠበብ ብሏል። ኋላዋም ትንሽ ቀና ብሏል። በቃ። አንዲት ቆንጆ ሁለት ዓመት ቁጭ ያለችው መብራት እስኪጠብ ነው። አንቺ ብትሆኚ አትጠብቂም ነበር? እኔስ?… መብራት እኮ ነው።»

ገበያነሽ አንድ የተበላሸ ሽንኩርት መርጣ ወደ ጎን ጣለች። በዚህ መሐል መኪናዋ ውስጥ የሴት ድምፅ ጮክ ብሎ «እባክዎ ይጠብቁ» አለ። ሚሳኤል የስክሪኑን ጥግ ሁሉ በጣቱ ቢወጋጋ ሴትየዋ ደግማ ተናገረች።

«አፍም አላት? እንጠብቃለን የኔ እመቤት፣ ለምደነዋል» አሉ እትዬ ፅጌረዳ ጣራዋን እየዳበሱ። «ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ ሚጥሚጣ ልፈልግ ብዬ ‹ሚ› አልኩልሽ። ‹ሚስት ትቅደም ወይስ መኪና› ብሎ ጠቆመኝ። ማንን ጠይቆ መሰለሽ? ልጅቷን አይደለም። ወላጆቹንም አይደለም። የማያውቃቸው ሰዎች የሚጽፉበት ገጽ ላይ ነው። እነሱም ደጎች ናቸው፣ ‹መኪና ካለ ሚስት አትጠፋም› አሉት። እሱም እሺ አለ። ምክር የሚሰማ ልጅ ዛሬ ከየት ይገኛል?»

ያን ጥያቄ ሚሳኤል የጻፈው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ነበር። ሲጽፈው ቀልድ መስሎት ነበር፣ መልሱን ግን ከልቡ ነበር ያመነው። አሁን ሲያስበው አፈረ፤ ፊቱ ጋለ፣ ኮቱን ከአገጩ ወደ ዓይኑ አወጣው።

«ግመል ሰርቆ አጎንብሶ መሄድ የድሮ ሰው ድካም ነው፣ ገበያነሽ። የዛሬው ወንበር ራሱ ይተኛልሻል… እና ያኔም ክፉ አላሰብኩም። መቼም የልጅቷን ስም አንድ ቀን ጽፎ ይሆናል፣ ፎቶዋን ሊያይ፣ ልደቷን ሊያስታውስ ብዬ ‹ጸ› አልኩ። ምናልባት በሌላኛው ‹ፀ› ይሆናል ብዬ በእሱም ሞከርኩ። ምን ወጣ መሰለሽ? ፀረ ጭረት። መኪና እንዳትጫር የሚለብሷት ነገር ነው አሉ።»

እዚህ ላይ ሚሳኤል አላስቻለውም። የሚያውቃትን ልጅ ኢንተርኔት ላይ ምን ብሎ ይፈልጋታል? ልደቷ በቃሉ ነው፣ ሻይ ስትጠጣ ስኳሩን ሳታማስል እንደምትተወው ያውቃል፣ ስትናደድ የቱን ጫማ እንደምታደርግ ሳይቀር ያውቃል። ይህን ሊል አፉን ከፈተ። ግን በባዶ መኪና ውስጥ የተኛ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ነገሩም ነፋስ ስልክ ስላለ ልጅ ነው። የመለሰ የራሱን ስም ራሱ ጠራ ማለት ነው። አፉን ዘጋው።

«ለልጅቷ አሳየኋት» አሉ እትዬ ፅጌረዳ፣ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ። «እንባዋን አይቼ ያሳደግኋትን ልጅ ምን ብዬ ልደብቃት? ቁጭ ብላ ሁሉንም አነበበችና ሳቀች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። የምታለቅስ ሴት ገና እየጠበቀች ነው። ይቺ ግን ሆዷን ይዛ ሳቀችና ‹ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አደራ በደንብ ይስተናገዱ፣ እነሱ ምንም አላጠፉም› አለችኝ።»

ሚሳኤል ያን ሳቅ ያውቀዋል። ስንት ጊዜ ከዚህ በር ሲመለስ መንገዱን ሁሉ እያሰበው ሄዷል። አሁን እሱ በሌለበት፣ በእሱ ላይ ተስቆ አልቋል። መኪናዋን ባይገዛት ኖሮ ብሎ ተመኘ፣ እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ አያውቅም ነበር። ያኔ ስክሪኑ በራ፣ መሪው ተፈታ፣ መስኮቱ እየተንሿሿ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። እትዬ ፅጌረዳ እጃቸውን የመስኮቱ ጫፍ ላይ አሳረፉ። መኪናዋ ሰው እንዳትጎዳ ተብላ የተሻሻለች ናትና መስኮቱ ቆመ።

«በይ ሁለት ኪሎ መዝኚልኝ፣ ልግባ። ሽማግሌ አቁሞ ማውጋት ነውር ነው። አብልተን አጠጥተን፣ አመስግነን እንሸኛቸዋለን… ያን የነፋስ ስልኩን ልጅ ግን ሳልመርቀው አልገባም፣ አንጀቴን በልቶታል። እግዚአብሔር የያዘውን ይባርክለት። ከክፉ ዓይን ይሰውረው። ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ለልጅቷ ሠርግ ያድርሰው። እኛ እልል ስንል እሱ ያጨብጭብ፣ ከወንድሞቿ ጋር ተሰልፎ ሙሽራዋን ይሸኝልን። አሜን በይ እንጂ፣ ገበያነሽ።»