እትየ ባየሽ የቆጠሩት ቀን

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ አምስት ቀን፣ ከሽንፋ ወደ መተማ ዮሐንስ ስንጓዝ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ላይ ቀረን። ሾፌራችን ሙሐመድጣሂር ውሃውን በረጅም እንጨት ለክቶ ተመለሰና፣ «ኸላስ! በቃ፣ እስኪጎድል ማረፍ ነው» አለን። እኔ በሽንፋ ትምህርት ቤት ሳይንስ የማስተምር ሰው ነኝ። ያን ቀን በዚያ ወንዝ ዳር የሰማሁት ጭውውት ግን፣ ክፍል ውስጥ ዓመት ሙሉ ከማስተምረው ይልቅ ቶሎ ፍሬ ሲሰጥ ስላየሁ ላወጋችሁ ወደድሁ።

ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሁለት ሴቶች በአንድ ግራር ጥላ ሥር ተቀመጡ። አንደኛዋ የሽንፋዋ እትየ ባየሽ ናቸው፤ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁጣቸው የሚፈራ፣ ልባቸው ግን ቶሎ የሚራራ እናት። ሌላዋ ሰርካለም ትባላለች፤ በጤና ጣቢያችን ከተመደበች አራት ወር የሆናት ወጣት አዋላጅ ነርስ ናት።

«እትየ፣ በዚህ ክረምት ወዴት ነው?» አለች ሰርካለም።

«ሽማግሌው አቶ አዛናው ዘንድ ነው ልጄ። የልጄን የሽመክትን ጋብቻ የፈጸመልኝ እርሱ ነው፤ አሁን ደግሞ ያፋታልኝ። ምራቴ ስመኝ መካን ሆነችብኝ። ከተጋቡ ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ነው፤ ምንም የለ።»

«ስመኝስ ምን ትላለች?»

«ምን ትላለች! ታለቅሳለች እንጂ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ክፉ አይደለችም፤ እኔን እንደ እናቷ ነው የምታየኝ። ግን የቀረኝ አንድ ልጅ ነው። የልጅ ልጅ ሳላቅፍ ልሙት?»

ይህን ሲሉ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከክፋት ሳይሆን ካለማወቅ የሚመጣ በደል እንዲህ ነው፤ በዳዩም ተበዳዩም አብረው ያለቅሳሉ።

«መካን መሆኗን በምን አወቁ እትየ? ሐኪም ነገረዎት?»

«ሐኪም ምን ያደርግልኛል? ያልወለደች ማን ናት?»

«ሽመክትም እኮ አልወለደም።»

እትየ ባየሽ ቀና አሉ። «ሽመክት? አብደራፊ እርሻ ላይ ያን የሚያህል ትራክተር የሚያዞር ልጄ? ተይ እንጂ!»

ሰርካለም ሳቀች። «የክንድ ጉልበት ሌላ፣ የዘር ፍሬ ሌላ። ልጅ ከሁለቱም ነው የሚገኘው፤ ሲዘገይም ምክንያቱ ከሴቷም ከወንዱም ሊመጣ ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱም ደኅና ሆነው ይዘገያል።»

«ሁለቱም ደኅና ከሆኑማ ከእግዜር ነዋ! ልጅ የሚሰጥ እርሱ።»

«እኔም አማኝ ነኝ እትየ። ዝናቡም የእግዜር ነው፤ እርስዎ ግን ሰሊጥዎን በጥር ይዘራሉ?»

«በጥር? አብጃለሁ?»

«እንግዲያስ የሰው ዘርም የተወሰነለት ጊዜ አለው። ይፍቀዱልኝና ላሳይዎት።»

ሰርካለም በስንጥር እርጥቡ አሸዋ ላይ ሥዕል ጀመረች። እትየ ባየሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ «ወንዶቹ ይሰማሉ፤ ነውር ነው» አሉ። እኔ ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርኩ፤ ጆሮዬን ግን ማዞር አልቻልኩም።

«ፈጣሪ ሲሠራው ያላፈረበትን እኛ ስንማረው አንፈር» አለች ሰርካለም። «ይህ ማህፀን ነው። በግራና በቀኙ እንቁላል የሚበስልባቸው ሁለት እጢዎች አሉ። በየወሩ ብዙውን ጊዜ አንዲት እንቁላል ትበስልና በዚህ ቀጭን ቱቦ ወደ ማህፀን ትጓዛለች፤ ከአሸዋ ቅንጣት አትበልጥም። ዕድሜዋ አንድ ቀን ያህል ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ የወንድ ዘር ካገኛት ጽንስ ይጀመራል። ማህፀኑም ጽንሱን ለመቀበል ግድግዳውን አስቀድሞ ያወፍራል። ሳይፀነስ ሲቀር ያ የተዘጋጀው ይፈርስና የወር አበባ ሆኖ ይወርዳል።»

እትየ ባየሽ ነጠላቸውን ለቀቁት። «ታዲያ ቅጣት አይደለም በይኛ! እኔ እኮ በሔዋን ኃጢአት የመጣብን ይመስለኝ ነበር። ስድስት ጊዜ ሳረግዝ ይህን የነገረኝ የለም።»

«ቅጣት አይደለም፤ የጤና ምልክት ነው። አሁን ዋናውን ልጠይቅዎት። ስመኝ የወር አበባዋን የምታየው መቼ መቼ ነው?»

«ይህንንማ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል! በየወሩ እየጠበቅሁ የማዝነው እኔ አይደለሁ? አምና በየወሩ ቁስቋም ላይ ነበረ፤ ዘንድሮ ጳጉሜን ካለፈች ወዲህ ልደታ ላይ ሆነ። ዝንፍ አይልም።»

«ከስድስት ወደ አንድ የመለሳት የጳጉሜን አምስት ቀን ነው፤ ዙሩ ሠላሳ ቀን ማለት ነው። ሽመክትስ ከአብደራፊ የሚመጣው?»

«ጥር ሲያልቅ ተጋቡ፣ በሳምንቱ ወደ ሥራው ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ለባለወልድ ይመጣል፣ ለባታ ይመለሳል።»

ሰርካለም ስንጥሯን ጣለችና እጆቿን አጨበጨበች። «እትየ! ከወር ሃያ ዘጠኝ እስከ ሦስት ማለት እኮ ነው! እንቁላሏ የምትወጣው ቀጣዩ የወር አበባ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። ለስመኝ ይህ ወደ ኪዳነ ምሕረት ግድም ይውላል። የወንድ ዘር በሴት ማህፀንና ቱቦ ውስጥ ቢበዛ አምስት ቀን ይቆያል። ስለዚህ ከሐና እስከ ኪዳነ ምሕረት፣ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ስድስት ድረስ፣ ካልተገናኙ ከወዴት ይምጣ? ልጅዎ ቤቱ የሚመጣው ስመኝ የወር አበባዋን ልታይ ስትል ወይም እያየች ሳለ ነው!»

እትየ ባየሽ በጣቶቻቸው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ ሁለቱን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እኔ ነኝ ለባለወልድ ና ያልኩት» አሉ። «የባለወልድ ጽዋ ስላለብኝ ልጄ ይገኝልኝ ብዬ። እኔ ነኝ!»

እንዲህ ሲሉ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ፈነቀላቸው። እኛም አብረን ሳቅን። ሲያዳምጥ የቆየው ሙሐመድጣሂር ዕድሉን አገኘና፣ «እህቴ፣ እኔ አራት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ጎረቤት ሁሉ ሚስትህ ወንድ አትወልድም ይላል። ይህስ ከማን ነው?» አለ።

«ከአንተ» አለችው። «ከእናት የሚመጣው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የአባት ዘር ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሴት፣ አንዱ ወንድ ያስገኛል። የትኛው እንደሚቀድም አንተም እርሷም አታዙበትም።»

«ተማም! ገባኝ» አለ ሙሐመድጣሂር ጭንቅላቱን እያከከ። «ለጎረቤት ሳይሆን ለሚስቴ ነው መጀመሪያ የምነግራት።»

ሰርካለም ግን ፊቷን ኮስተር አድርጋ ጨመረች። «እትየ፣ ቀኑን ስላወቅን በአንድ ጊዜ ይሆናል ማለት አይደለም። የሰው ገላ እንደ ሰዓት አይሞላም። ሁለቱም ይመርመሩ፤ ጥቂት ወራትም ይታገሡ። ስመኝን ደግሞ መካን አይበሏት።»

«አልልም። አፌ ይቆረጥ።»

ውሃው ሲጎድል መኪናው ወደ መተማ ዮሐንስ ተሻገረ፤ እትየ ባየሽ ግን አቶ አዛናው ቤት አልሄዱም። ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ስንደርስ በእኔ ስልክ ሽመክትን አስደወሉኝ።

«እማ! ማን ሞተ?» አለ ከወዲያ።

«ማንም አልሞተ። ከእንግዲህ ለባለወልድ እንዳትመጣብኝ! ለሐና ና፣ ለኪዳነ ምሕረት ተመለስ።»

«እማ፣ የዘር ወቅት ነው፤ ትራክተሩን ለማን ልተወው?»

«የዘር ወቅት መሆኑንማ እኔ ነኝ የምነግርህ!» አሉት። መኪናው በሳቅ ተናወጠ።

ሽመክት በሐምሌ ፈቃድ አላገኘም። በነሐሴ ከባልደረባው ጋር ተራ ተቀያይሮ መጣ፤ ባልና ሚስቱ አብረው ጤና ጣቢያ ሄደው ተመረመሩ፤ ሁለቱም ደኅና ነበሩ። ነገር ግን በዚያ ወር አልሆነም። ጎረቤቶች «አላልንም?» ሲሉ እትየ ባየሽ በራቸውን ዘግተው ከስመኝ ጎን ተቀመጡ። «ጳጉሜን አምስት ቀን ናት፤ ስለዚህ በመስከረም ቀኑ ቀደም ይላል። ከቁስቋም እስከ ሐና፣ ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ነው» ብለው ራሳቸው ቆጠሩ። ሰርካለም ሒሳቡን ስትሰማ፣ «እትየ፣ ጤና ጣቢያ ይቀጠሩ እንጂ!» አለቻቸው።

ሽመክትም በተቆጠረለት ቀን መጣ። በመስከረም መጨረሻ ስመኝ የወር አበባ አላየችም። በሰኔ፣ በሥላሴ ማግስት፣ በጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። እትየ ባየሽ እልልታቸውን ከግቢው በር ጀምረው ነው የገቡት።

ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ እኔም ተጠርቼ ነበር። ጎረቤቷ እትየ ካሰች፣ «የከርሞውን ወንድ ያድርግላችሁ፤ ስመኝ እንግዲህ ወንድ ውለጂ» ብለው መረቁ። እትየ ባየሽ ወዲያው፣ «እርሱ የእርሷ ሥራ አይደለም፤ ከአባት ነው የሚመጣው» ብለው ማስረዳት ጀመሩ፤ ሽመክት አፍሮ ወደ ውጭ ወጣ።

ስመኝ ሕፃኗን እያጠባች፣ «እማየ፣ ያን ቀን ወደ መተማ ሲሄዱ እኔ ልብሴን ቋጥሬ ነበር። ሽማግሌ ሳይመጣብኝ ልሂድ ብዬ» አለች።

እትየ ባየሽ ተነሥተው ከእግሯ ሥር ሊወድቁ ሲሉ ስመኝ በአንድ እጇ ያዘቻቸው። «ይቅር በይኝ ልጄ። ባላውቅ ነው» አሉ።

«አሁን አውቀዋል እማየ» አለችና ሕፃኗን ሰጠቻቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ገላችን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነውር ቢሆን ኖሮ ይህ ቤት ፈርሶ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ በአሸዋ ላይ የተሰጠ ትምህርት ትዳር አዳነ፣ ያለ ጥፋቷ ልትባረር የነበረችን ሴት ቤቷ አቆየ፣ ወንዱንም ወደ ምርመራ አመጣ። በዚያው ክረምት ልጅ የዘገየባቸው ሦስት ባልና ሚስት ከሽንፋ ወደ ጤና ጣቢያው መጡ፤ ከሦስቱ ጥንዶች ሁለቱን በእጅ ይዘው ያመጧቸው እትየ ባየሽ ነበሩ።