መኪናው ያልወደደው ዘይት

(ሻሸመኔ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከምሳ ሰዓት በፊት። ሳምቡሳ ጠባሿ እትዬ የሺመቤት ድስቷ ላይ ጎንበስ ብላለች፤ የኮሌጁ የኬሚስትሪ መምህር ዶክተር አሰግድ አንድ ጀሪካን አዲስ ዘይትና አንድ ጠርሙስ ታቅፎ መጥቷል።)

አሰግድ፦ እትዬ የሺ፣ ዘይትዎ ጉድ ሠራኝ!

የሺመቤት፦ ቀስ በል እንጂ ዶክተር፣ ደንበኛ ይሰማል! ሆድህን አመመህ እንዴ?

አሰግድ፦ የእኔን አይደለም፣ የማሽኔን ነው። የሰጡኝን አሮጌ ዘይት ናፍጣ ላደርገው ብጨምረው፣ ይኸው፣ ሳሙና ሆኖ ቁጭ አለ።

የሺመቤት፦ ሳሙና? እሱ ከሆነማ መልስልኝ፣ ሽርጤን ልጠብበት።

አሰግድ፦ አይቀልዱ! የእንቁላል ቅርፊት አቃጥዬ ያዘጋጀሁት ዱቄት አለ አላልኩዎትም? ዘይቱን ወደ ናፍጣ የሚለውጠው እሱ ነው። ራሱ አያልቅም፤ እያጠለልኩ ደጋግሜ ነው የምሠራበት።

የሺመቤት፦ እኔስ? ዘይቴን እያጠለልኩ ደጋግሜ አይደል የምሠራበት? አንተ ስታደርገው ምርምር፣ እኔ ሳደርገው ኃጢአት ሆነ?

አሰግድ፦ የእርስዎ ልክ አጣ! ብዙ የተጠበሰበት ዘይት አሲድ ይበዛዋል፤ እሱ ነው ዱቄቴን የገደለው። ለመሆኑ ስንት ጊዜ ጠበሱበት?

የሺመቤት፦ እሱን ዘይቱን ጠይቀው። ዘይት በመከራ በሚገኝበት ዘመን፣ አንዴ ጠብሼ ልድፋልህ?

አሰግድ፦ ናፍጣዬን ሊያዩ የተጋበዙት እንግዶች እኮ ዛሬ ከሰዓት ይገባሉ! ነገ ደግሞ የኮሌጁ ሚኒባስ በእኔ ናፍጣ ግቢውን ይዞራል ተብሎ ባነር ተሰቅሏል።

የሺመቤት፦ ባነሩ ናፍጣውን ቀደመው በለኛ።

አሰግድ፦ አለቆቼ ገና ሐሳቡን ስነግራቸው አጨበጨቡ፤ ምን ላድርግ? ለዚህ ነው አዲስ ዘይት ይዤ የመጣሁት። የእንግዶቹን ሳምቡሳ በዚህ ይጥበሱልኝና ዘይቱን መልሼ እወስዳለሁ። አንዴ ብቻ የተጠበሰበት ለማሽኑ ይስማማዋል።

የሺመቤት፦ ለእንግዳው አዲስ፣ ለመኪናው አንዴ የተነካ። እነዚህስ?

አሰግድ፦ እነማን?

የሺመቤት፦ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሻንጣ ሲያወርዱ ውለው ከዚህ ድስት የሚበሉት።

አሰግድ፦ እነሱማ... ለምደውታል እትዬ የሺ።

የሺመቤት፦ ለምደውታል?

አሰግድ፦ ማለቴ፣ ጠንካሮች ናቸው። የጉልበት ሰዎች...

የሺመቤት፦ እኔም ለራሴ ይህንኑ ስለው ነው የኖርኩት። ካንተ አፍ ስሰማው ግን አንገሸገሸኝ። እስቲ ያንን ጀሪካን አቀብለኝ።

አሰግድ፦ ይኸው። እንዴ፣ አሮጌውን ሊያስወግዱት ነው?

የሺመቤት፦ ማሽን የተጸየፈውን ምን ላድርገው?

አሰግድ፦ ጎሽ! ድስቱንም ደህና አድርገው ይጠቡት፣ ቅሪት እንዳይነካው።

የሺመቤት፦ (ድስቱን አጥባ ምድጃው ላይ እየመለሰች) አጠብኩት። ይኸው፣ ዘይትህንም ጨመርኩት።

አሰግድ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ አዳኑኝ! በሉ የእንግዶቹን ይጀምሩልኝ፣ እዚሁ እጠብቃለሁ።

የሺመቤት፦ ጠብቅ። ግን ሰልፍ ይዘህ ነው ዶክተር፤ ከፊትህ ተሸካሚዎቹ አሉ።