የመሪጌታ ኪራኮስ የቃል ትምህርት

በፈረንጅ አቆጣጠር የካቲት 1996 ነው። መሪጌታ ኪራኮስ ከሐኪም ቤት ወጥተው ኢንተርናሽናል አቬኑ በሚባለው ጎዳና ላይ አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ከመጡ አራት ዓመታቸው ነው። ባለፈው ወር ግማሽ ፊታቸው ደንዝዞ ተሽሏቸዋል፤ ሐኪሙ ግን ሊደገም እንደሚችል፣ ከተደገመም አንደበታቸውን ሊይዘው እንደሚችል አልደበቃቸውም።

«መሪጌታ፣ በዚህ ብርድ ብቻዎን?» አለቻቸው አንዲት ወጣት። የጎረቤታቸው የወይዘሮ ሙሉሸዋ ልጅ ኑሃሚን ናት፤ በሰባት ዓመቷ ከአገር ወጥታ አሁን ዩኒቨርሲቲ የሃይማኖት ታሪክ የምትማር። ክንዳቸውን ይዛ አጠገባቸው ካለው ሻይ ቤት አስገባቻቸው።

«ይኼ ሁሉ መጽሐፍ ምንድን ነው ልጄ?»

«ለትምህርቴ የምጽፈው ፔፐር አለብኝ። ስለ ጥንት አይሁድ ነው። ሁለት ዓይነት ሕግ ነበራቸው፤ የተጻፈና በቃል የሚተላለፍ።»

«የቃሉ ምን አስፈለገ?»

«ኦሪት በሰንበት ሥራ ይከለክላል አይደል? ግን ሥራ የሚባለው የቱ ነው? ቋጠሮ መፍታት? እሳት ማጥፋት? ዝርዝሩን መምህራኑ ናቸው በቃል የሚያስተምሩት። ‹ይኼም ከሙሴ ጀምሮ ከአፍ ወደ ጆሮ የመጣ ነው› ይላሉ። ሰዱቃውያን ደግሞ ‹የተጻፈው ይበቃናል› አሉ።»

«የሽማግሎች ወግ ነዋ! ጌታ የገሠጸው።»

«የገሠጸው አለ፤ እሺ። ግን እርስዎስ መጽሐፉን ያለ ትርጓሜ ያስተምራሉ?»

መሪጌታ ፈገግ አሉ። የኔታ ገብረመድኅን ሥር አሥራ አራት ዓመት ተቀምጠው በቃል ያጠኑት ትርጓሜ በየትም አልታተመም። የሚገኘው በእሳቸው ደረት ብቻ ነው።

ኑሃሚንም ይህን ታውቃለች። «ታዲያ ለምን አንጽፈውም? እኔ ሬከርድ አደርጋለሁ፣ ቀስ ብዬ እጽፈዋለሁ።»

ፈገግታቸው ጠፋ። «የኔታ ከልክለዋል። ቃል ከመምህር አፍ ሲሰማ ሕይወት አለው። ወረቀት ግን ይጠየቃል እንጂ አይመልስም። ያልተማረ አንብቦ ሊቅ ነኝ ይላል።»

«እነሱም እኮ እንደዚሁ ፈርተው ነበር! የቃሉን መጻፍ ነውር ነው የሚሉ ነበሩ። ከዚያ ሮማውያን ቤተ መቅደሱን አቃጠሉ። በኋላም በሌላ ጦርነት ብዙ መምህራን አለቁ። ያን ጊዜ ይሁዳ የሚባል አለቃቸው ከየመምህሩ ሰብስቦ በሥርዓት አስቀመጠው። በብራና መቼ እንደሰፈረ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ፤ መሰብሰቡ ግን አዳነው። በክርክር የተሸነፈውን መምህር ሐሳብ እንኳ ከነስሙ አኑረውታል።»

«የተሸነፈውንም?» አሉ መሪጌታ ተገርመው። «እንደኛው ትርጓሜ ‹አንድም› ማለት ነዋ።»

«አዎ! መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የየኔታን ትምህርት ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቀዋል?»

መሪጌታ ከየኔታ ዘንድ አብረዋቸው የተማሩትን ማሰብ ጀመሩ። አድማሱ እስር ቤት ሞተ። ደርበው በድርቁ ዘመን ከነቤተሰቡ አለቀ። ሌሎቹን አንድ በአንድ በልባቸው ጠሩ፤ አቤት የሚል አላገኙም። የመምህራቸውን ትእዛዝ ጠብቄያለሁ ሲሉ መምህራቸውን ራሳቸውን ሊቀብሩ እንደነበር የዚያን ቀን ገባቸው።

«የኔታ ሲከለክሉ፣» አሉ ዝግ ብለው፣ «ስምንት ደቀ መዝሙር ከፊታቸው ተቀምጦ ነበር። ዛሬ ቢሆን አይከለክሉም። ግን አንቺ ብቻሽን አንብበሽ እንዳታስተምሪ። ከጻፍሽ በኋላ ከፊቴ ቆመሽ በቃልሽ ትወጪዋለሽ።»

«አማርኛዬ ይሰባበራል እኮ።»

«እናቀናዋለን።»

ሁለት ዓመት በየቅዳሜው ሲናገሩ ስትጽፍ፣ ስታነብላቸው ሲያርሙ አሥራ ሰባት ደብተር ሞላ። በሦስተኛው ዓመት ሐኪሙ የፈራው ደረሰ፤ የመሪጌታ አንደበት ተያዘ።

ትምህርቱ ግን አልተያዘም። ፎረስት ሎን በሚባለው የካልጋሪ ሰፈር በተከራዩት አዳራሽ እዚያው አገር የተወለዱ ልጆች ተሰብስበው ኑሃሚን ከደብተሩ ታነባለች፤ የልጆቹንም ጥያቄ ትመልሳለች። ጽሑፉ ባይኖር ትምህርቱ ከመሪጌታ ጋር በተዘጋ ነበር፤ ኑሃሚን በቃል ባትማረው ደግሞ ደብተሩ የሚያነበው እንጂ የሚያስረዳው ባላገኘ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ተደጋግፈው ነው አንድ ሕዝብ የተማረውን ለልጁ የሚያወርሰው።

አንድ ቅዳሜ ኑሃሚን አንዲት ቃል ማጥበቅ ሲገባት አላልታ አነበበች። ከፊት ወንበር የተቀመጡት መሪጌታ ግራ እጃቸውን አነሡ። እሷም አቋርጣ ደገመች። አሁንም እጃቸው አልወረደም። በሦስተኛው አጠበቀችው፤ ያኔ እጃቸውን አወረዱና ቀጥዪ ሲሉ ራሳቸውን ነቀነቁላት።