እሳት የማይደፍረው ድስት

ግቢ ኡምኩልሱም፣ ኧረ ግቢ! አማን ነሽ? የመካነ ሰላም ብርድ ዘንድሮ ምን ነካው… ሻይ ልቅዳልሽ፣ ትኩስ ነው። እኔ ቤት የተጣደ ነገር ይፈላል፣ አልሐምዱሊላህ።

የቅሬውን ትልቁን ድስት ፈልጌ ነው አልሽኝ? ለልጅሽ ሰርግ! እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። የቅሬው ዕቃ እኔ ዘንድ የተቀመጠው ጎረቤት በሰርግም በሐዘንም እንዲረዳዳበት አይደል?

ድስት ስትይ… አንድ የተማረ ልጅ ትዝ አለኝ። ስሙን ምን አስጠራኝ። የማን ልጅ እንደሆነም አልናገር፤ እናቱ ጎረቤቴ ናት፣ እንዲያውም አሁን ሻይ እየጠጣች ነው። ስኳር ልጨምርልሽ?

ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ጭንቅላት! ሮኬት ከሰማይ ሲመለስ እንዳይቃጠል የሚለብሰውን ጋሻ ነው የሚሠራው አሉ። ጨርቁን ሙጫ ውስጥ ይነክራል፤ ሙጫው ላይ ናኖ የሚሉትን ዱቄት ይጨምራል፣ አንዷ ቅንጣት በዓይን አትታይም። እሳት ሲነካው ላዩ ይከስላል። ድሮ ከሰሉ ይረግፍ ነበር፤ ዱቄቱ ሲገባ ግን ከሰሉ ራሱ ጠንክሮ እሳቱን ይመልሰዋል። አየሽ፣ እኔ እንኳ ተማርኩ… በልጄ ሰርግ።

ለልጄ ለአፍናን ሰርግ ምን አለኝ? «እትዬ፣ የድስቶቹን ቂጥ በዚህ ጋሻ ላልብስልዎት፣ ጥላሸት አይነካቸውም።» ጥላሸት መፈግፈግ የሰለቸው ሰው እምቢ ይላል? እሱስ ቢሆን የሮኬት ያህል እሳት ከሰርግ ምድጃ በቀር የት ያገኛል? ትንንሾቹም አልቀሩ፣ ሁሉንም አለበሳቸው። ደግ ነዋ!

ታዲያ ቃሉን አላጠፈም። ግንዱ ነደደ፣ ውሃው ግን እጅ ከማስታጠብ አላለፈም። የአቀስታ አማቾቻችን ዳስ ውስጥ ተደርድረው ዙህርን ሰገዱ፣ ዐስርን ሰገዱ… ሥጋው ገና በሬነቱን አልረሳም። እሱስ? እጁን ድስቱ ውስጥ ነክሮ «ተሳካ! ተሳካ!» እያለ ዘለለ። ፎቶም አነሳ። በሰው ሰርግ እንዲህ የተደሰተ አይቼ አላውቅም።

እንግዶቹ ዱዓ አድርገው በባዶ ሆዳቸው ተመለሱ። አማቶቿ ዛሬም አፍናን ድስት ስትጥድ «እሳት ታውቂያለሽ እንዴ?» ይሏታል። ልጄ እየደወለች ታለቅሳለች፤ እኔም አብሬያት። እሱ ግን አንዲት «አፉ በይኝ» ለማለት ደጄን አልረገጠም። ሥራ ይበዛበታላ! ከሰማይ የሚመለስ እንግዳ እየጠበቀ፣ ከአቀስታ የመጣው ምን ያደርግለታል?

ውይ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ! በይ ድስቱ ያውልሽ። የሌሎቹን ልብስ በድንጋይ ፍቄ ገፍፌዋለሁ፤ የትልቁን ግን አልነካሁትም፣ ለባለቤቱ ብዬ በአደራ አስቀመጥኩት።

ለሙሽራውም ዱዓዬን አድርሺልኝ። አላህ ትዳሩን እንደዚህ ድስት ያጽናለት፤ ከሥሩ ምንም ቢነድ፣ ውስጡ ዕድሜ ልኩን አይሙቅ! … አሚን በይ እንጂ፣ ኡምኩልሱም።