«እንደፈለጋችሁ» ባዩ አባት

በ2009 ዓ.ም. ጥር፣ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬ መሬት ሊያሰፋ በነበረው ማስተር ፕላን የተነሣው ሁከት ገና ከሰው አፍ ሳይጠፋ፣ የፉሪው ገበሬ ኦቦ ጋሮማ ሰበታ ውስጥ ከአንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ ከድሩን አገኙት። ከድሩ በግርግሩ ሱቁ የተቃጠለበት ጎረቤታቸው ነው።

«አሞህ ነው?»

«የለም ኦቦ፣ ለምክር ሕክምና ነው። ሲስተር ላሊሴ ዘንድ ነበርኩ።»

«ለወሬ ካርድ ታወጣለህ? እኔ በነፃ አዋራህ የለ!»

«አንቱ ዘንድ ከመጣሁማ ተራ አይደርሰኝም!»

የኦቦ ጋሮማ ፊት ጠቆረ። ከአርባ ዓመት በፊት ከአራተኛ ክፍል ያባረራቸውን መምህር ዛሬም የሚረግሙ፣ ነገር የማይረሱ ሰው ናቸው። ቀያሾች መሬታቸውን ሳያስፈቅዱ ከለኩ፣ ወንድ ልጃቸውም በሁከቱ ሰበብ ስድስት ወር ታስሮ ከወጣ ወዲህ ግን ቁጣቸው እንኳ ደርቆ፣ ለሚጠየቁት ሁሉ መልሳቸው «እንደፈለጋችሁ» ብቻ ሆኗል። የሱሉልታ ሽማግሌዎች ሴት ልጃቸውን ወርቅቱን ለአንድ የአገራቸው ጎረምሳ ሁለት ጊዜ ለጋብቻ ጠይቀው ያንኑ ቃል እንደ ንቀት ቆጥረው ተመልሰዋል። እሑድ ሦስተኛው ነው፤ አባት ካልመለሰ ዳግም የሚመጣ የለም።

«እስቲ፣ ሲስተሯ ምን ትልሃለች?»

«ትጠይቀኛለች። መጀመሪያ አልቅሼ ወጣሁ። ቀጥሎ ‹ዛሬ ራስህ የወሰንከው ምን አለ?› አለችኝ። ምሳዬን እንኳ ሚስቴ ሃዋ ነበረች የምትመርጥልኝ። በሳምንቱ አንድ ነገር ወስኜ እንድመጣ ተስማማን። የተቃጠለውን ሱቅ ደጅ ጠረግኩ። ሕክምናዋ ያቺው ናት።»

«ሱቁን መለሰችልህ?»

«አልመለሰችም።»

«መሬቴንስ?»

«አትመልስም ኦቦ። በደል ነው፣ ዝም ይበሉ አላልኩም። ወርቅቱን ግን ማን ነጠቀዎት? እሷን የሚጠይቁት አንቱን ነው።»

ኦቦ ጋሮማ ሊቆጡ አሰቡ፤ አልሆነላቸውም። «ብናገርም የሚሰማኝ የለም ብዬ ነው፣ ከድሩ» አሉ ድምፃቸው ሰልሎ። ወደ ጤና ጣቢያው በርም ዞረው፣ «ካርዱ የሚወጣው የት ነው?» አሉ።

በዚያው ሳምንት ሁለቴ ተመላለሱ። ላሊሴ ትእዛዝ አልሰጠቻቸውም፤ አዳመጠቻቸው፣ ጠየቀቻቸው። እንዲህ ያለውን ደግነት ለገጠር ሰው ያሳየ ስንቱ ነው?

እሑድ ጠዋት ወርቅቱን ጠሩ። «ልጄ፣ አንቺስ ትፈልጊዋለሽ?»

«አዎ አባዬ።»

ከሽማግሌዎቹ ፊት ተነሥተው ቆሙ። «ሁለት ጊዜ ያለ መልስ ሰድጃችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ። ልጄ ፈቅዳለች፤ እኔም ሰጥቻለሁ።»

ዛሬ የእርሻቸውን ዘር ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ስለ መሬታቸው አቤቱታቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈው ማዘጋጃ ቤት አስገብተዋል። መልስ አልመጣም፤ እሳቸው ግን መሄዳቸውን አልተዉም። «እብድ ነው የሚታከመው» የሚላቸው ሲገጥማቸው ይሥቃሉ። «እኔ እብድ አልነበርኩም፤ በቁሜ ራሴን የረሳሁ ነበርኩ። ላሊሴ ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ፤ ከድሩም እድሜ ይስጥህ። ልጄን በአፌ ዳርኩ።»